የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ



«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ብለው አባቶቻችን የተረቱት በቤቱ እንደ እሾህ እየወጋ ለውጭ ሰው ግን እንደ አልጋ ስለሚመች ሰው ነው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ስለ እኔና ስለ ቤታችን፣ ምናልባትም ይህን መጽሔት ይዘው ስለሚያነቡት ስለ ብዙዎቹ ቤት የተነገረ መሆኑን ዐወቅሁ። እንዴት እንደ ዐወቅሁት በመጀመሪያ ልናገር፤ ከዚያም ስለ ሰብኣዊ መብት ሕግና ከድህነት የተነሣ አገራቸውን ለቀው ለሥራ ስለሚሰደዱት እኅቶቻችን የሚሰማኝን ለመግለጽ ፈቃዳችሁ ይሁን።

በቤታችን ውስጥ አራት ዓመት ያህል የሠራች አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ እርስዋ ሳትፈቅድ ስሟን በመጽሔት ላይ ማውጣት አይገባኝምና። ከወሎ ገጠር የመጣች ስትሆን በዕድሜ ከእኔ የምትበልጠው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። እስከ 6ኛ ክፍል ከተማረች በኋላ አባቷ ስለ ሞቱ እናቷንና ታናናሾቿን ለመርዳት ወደ ከተማ ወጣች፤ ደላላም ወደ እኛ ቤት አመጣት። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳዬ ቀርቦ፣ ሸሚዜም ታጥቦና ተተኵሶ አገኘው ነበር። ይህ ሁሉ በማን ጊዜና በማን ጉልበት እንደሚደረግ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

አምና በጥቅምት ወር አንድ ማታ ለዜግነት ትምህርት ፈተና ሳጠና ወደ እኔ መጣችና የታጠፈ ወረቀት ዘርግታ «እስኪ ይህን አንብብልኝ» አለችኝ። ወረቀቱ በአንድ ኤጀንሲ በኩል ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ሄዳ በቤት ሠራተኝነት ለመቀጠር የምትፈርምበት ውል ነበር። ስለ ደመወዙና ስለ ዘመኑ የተጻፈውን ካነበብሁላት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን የዕረፍት ቀን እንደሚኖራት ወደሚናገረው ቃል ደረስሁ። በዚህ ጊዜ አቋረጠችኝና «እስኪ ድገመው» አለች። ደገምሁላት። ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና «እዚህስ የእኔ ወረቀት የት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን የተናገረችው በቍጣ ወይም በነቀፋ አልነበረም። ለማንኛውም ሥራ ወረቀት የሚኖረው ከሆነ፣ የእርስዋም በአባቴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል ብላ አስባ ነው። እኔ ግን የምመልሰው ቃል አጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ ወረቀት አልነበራትም፤ የዕረፍት ቀንም አልነበራትም። በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል አገሯ ደርሳ ከመመለሷ በቀር፣ እሑድ ማለት ለእርስዋ እንግዳ የሚበዛበት ቀን ማለት ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ምድጃ ታነድዳለች፤ ማታ 4 ሰዓት የመጨረሻውን ሰሐን አጥባ ትተኛለች። ይህ ሲቈጠር 17 ሰዓት ነው። በማግሥቱ ፈተናውን ተፈተንሁ፤ ስለ ሰብኣዊ መብት የተጠየቅሁትንም ሁሉ በትክክል መለስሁ። ነገር ግን የተማርሁት ትምህርት የማድ ቤታችንን ደጃፍ አልፎ እንዳልገባ ተረዳሁ።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የዓለም አቀፍ የሰብኣዊ መብቶች መግለጫን ሲያጸድቅ 48 አገሮች ደገፉት፤ 8 አገሮች ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ፤ የተቃወመ አልነበረም። አገራችን ኢትዮጵያ ከደገፉት አንዷ ነበረች፤ ሳውዲ ዐረቢያ ደግሞ ከተቈጠቡት አንዷ ነበረች። መግለጫው በ23ኛው አንቀጽ ስለ ሥራና ስለ ተገቢ ደመወዝ፣ በ24ኛው ስለ ዕረፍትና ስለ ሥራ ሰዓት ልክ፣ በ25ኛው ለጤናና ለደኅንነት ስለሚበቃ ኑሮ ይናገራል። ባለ መብቱም ሰው የሆነ ሁሉ ነው እንጂ የአገሩ ተወላጅ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ይህ መግለጫ መንግሥታትን በሚያስገድዱ ቃል ኪዳኖች ተጠናከረ። በ1959 ዓ.ም. የወጣው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በ7ኛው አንቀጽ ለማንኛውም ሠራተኛ ዕረፍት፣ የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። ሊባኖስ በ1965 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያም በ1985 ዓ.ም. ይህን ቃል ኪዳን ተቀበሉ። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለውም ኮሚቴ በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ማብራሪያ፣ በቃል ኪዳኑ የተጻፉት መብቶች ለስደተኛ ሠራተኞችም ጭምር እንደሆኑ፣ የመኖሪያ ፈቃድና ወረቀት ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም መብቱ እንደማይቀርባቸው ገለጸ። ይህ ማለት አንዲት ሴት የመኖሪያ ፈቃዷ ስላለፈ ብቻ ለሠራችበት ደመወዝ መጠየቅ አትችልም ሊባል አይገባም ማለት ነው።

በተለይ ስለ ስደተኛ ሠራተኞችና ስለ ቤተ ሰቦቻቸው የተጻፈ ስምምነትም በታኅሣሥ ወር 1983 ዓ.ም. ወጣ። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ ለመዋል የሚበቃ ቍጥር አገር እስኪቀበለው ድረስ 12 ዓመት ያህል ፈጀ፤ በሥራ ላይ የዋለው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮችም ሆነ ከምዕራብ አውሮፓ አገሮች እስከ ዛሬ የተቀበለው የለም። እንግዲህ የስምምነቱ ፈራሚዎች በአብዛኛው ሠራተኛ ላኪዎች እንጂ ተቀባዮች አይደሉም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ነው።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጄኔቭ ስለ ቤት ሠራተኞች 189ኛውን ስምምነት አወጣ። የዚህ ስምምነት ቃል እንደ ሌሎቹ ከፍ ብሎ በሰማይ የሚንሳፈፍ አይደለም፤ ወደ ቤት ውስጥ ወርዶ ስለ በርና ስለ ቍልፍ ይናገራል። ሠራተኛዋ በሳምንት ቢያንስ ያልተቋረጠ 24 ሰዓት እንድታርፍ፣ በዕረፍቷ ጊዜ ከቤት እንዳትወጣ እንዳትገደድ፣ ፓስፖርቷና መታወቂያዋ በራሷ እጅ እንዲቀመጥ፣ ደመወዟም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲከፈላት ይላል። ይህን ስምምነት የጻፉት ሰዎች የቤት ሠራተኛ ኑሮ ምን እንደ ሆነ በእውነት የተረዱ ይመስለኛል።

ሕጉ ይህን ያህል ካለ ታዲያ ስለ ምን አይጠብቃቸውም? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ሕጉ የሚቆመው ከቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ለዚህም ሊባኖስን ምሳሌ አድርጌ ላቅርብ። በ1939 ዓ.ም. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አደረጋቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ዓለም አቀፉ የሰብኣዊ መብቶች መግለጫ ሲጻፍ ከዋነኞቹ አዘጋጆች አንዱ የሊባኖሱ ተወላጅ ቻርልስ ማሊክ ነበሩ። በአንድ አገር፣ በአንድ ትውልድ፣ አንዱ ወገን ለዓለም ሁሉ መብት ሲጽፍ ሌላው ማድ ቤት ያለችውን ሴት ከሕግ አወጣት። ይህን የጠቀስሁት ሊባኖስን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በማንኛውም አገር ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው።

በዚህ ላይ ከፋላ የሚባለው የዋስትና ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ተበደልሁ ብላ ከቤቱ ብትወጣ አሠሪው ኰበለለች ብሎ ያስመዘግባታል፤ በዚያች ቀን ከሳሽ መሆኗ ቀርቶ ተከሳሽ ትሆናለች። የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ለቤት ሠራተኞች የሚሻል አዲስ የውል ዐይነት ቢያወጣ፣ የሠራተኛ አስመጪ ኤጀንሲዎች ባለቤቶች ማኅበር ክስ አቅርቦ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ የአገሪቱ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው ኢትዮጵያውያት ሠራተኞችን በመኪና እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቈንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን አልተቀበሉም፤ ፓስፖርታቸውም በእጃቸው አልነበረም። ቃል ኪዳኑን ሊባኖስ ከተቀበለችው 48 ዓመት ያህል ሆኗት ነበር።

ሳውዲ ዐረቢያም እንዲሁ በ1998 ዓ.ም. ያወጣችው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም። በ2005 ዓ.ም. ለእነርሱ ብቻ የተለየ ደንብ አውጥታ በቀን የ9 ሰዓት ዕረፍትና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ፈቀደች፤ ይህም ማለት በቀን እስከ 15 ሰዓት ሊያሠሯት ይችላሉ ማለት ነበር። በኋላ በወጣው ደንብ ግን የሥራው ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ ተደርጓል። የፊተኛውን ደንብ መጀመሪያ ሳነብ «15 ሰዓት! እንዴት ያለ ጭካኔ ነው» ብዬ ነበር። ወዲያው ግን የእኛ ቤት 17 ሰዓት ትዝ አለኝ፤ አፈርሁም።

በአገራችን የቈየ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ነው። አያቶቻችን እንደሚነግሩን አንድ ሰው በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ ጉልበተኛውም ቢሆን ይቆማል፤ ተካሳሾቹም በነጠላቸው ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ይህን ቃል ለመናገር ገንዘብ፣ ጠበቃ ወይም ወረቀት አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሚሰማ ሰው ያለበት መንገድና ቃሉን የሚያውቅ ሰሚ። በሩ ከውጭ በተቈለፈ ቤት ውስጥ፣ ቋንቋዋን በማያውቅ ሰው መካከል፣ ስልኳን የተቀማች ሴት ግን «በሕግ አምላክ» ብትል ማን ይሰማታል? ስለዚህ ለድኻ ስደተኛ ከመብቶች ሁሉ ፊተኛው የዕረፍት ቀን ነው እላለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከቤት መውጣት ከቻለች ከጓደኞቿ ጋር ትገናኛለች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ትሄዳለች፤ ቈንስላው የት እንዳለ ትጠይቃለች፤ ደመወዟን ራሷ ወደ ባንክ ትወስዳለች። የዕረፍት ቀን ለሌሎቹ መብቶች ሁሉ በር ነው። ይህ በር ከተዘጋ ግን ሌላው ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች «መፍትሔው ሴቶቻችን እንዳይሄዱ መከልከል ነው» ይላሉ። ይህ ሐሳብ ከፍቅር የመነጨ ይሆናል፤ ነገር ግን ተሞክሮ ታይቷል። በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. መንግሥታችን ለሥራ ወደ ውጭ አገር መሄድን ከለከለ፤ በዚያው ዓመትም ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ ተባርረው ተመለሱ። ክልከላው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ግን ሰው ከመሄድ አልቦዘነም፤ አንዳንዱ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ አንዳንዱም በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን ይሄድ ነበር። የተዘጋው በሕግ የሚታየው መንገድ ብቻ ነበር። ድህነት የሚገፋውን ሰው በር በመዝጋት ማስቀረት አይቻልም፤ ሕግ ወደማያይበት መንገድ መግፋት እንጂ።

ሌሎች ደግሞ «ፈቅደው ሄዱ፤ ማን አስገደዳቸው?» ይላሉ። እኔ ግን ያቺን ልጅ «ለምን ትሄጃለሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «እዚህም የሰው ቤት ነው፤ እዚያም የሰው ቤት ነው፤ እዚያ ግን ለእናቴ ቤት መሥሪያ ይተርፈኛል» አለችኝ። ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ስደቷ የጀመረው በአውሮፕላን ስትሳፈር አልነበረም፤ ከመንደሯ ወደ እኛ ቤት ስትመጣ ነበር እንጂ። የመጀመሪያዎቹ የውጭ አገር አሠሪዎቿ እኛ ነበርን ማለት ይቻላል። ያለ ወረቀት መሥራትን፣ ያለ ዕረፍት መዋልን፣ «እሺ እትዬ» ብሎ ዝም ማለትን የተማረችው በእኛ ቤት ነው። ሪያድ ስትደርስ ይህን እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት ብትቀበለው ማን ያስተማራት ነው?

አሁን ደግሞ የራሳችንን ሕግ እንመልከት። ሕገ መንግሥታችን በ42ኛው አንቀጽ ሠራተኞች የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ በ9ኛው አንቀጽም አገራችን ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። የሥራ ሕጋችን በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት የማይበልጥ የሥራ ጊዜና በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በ3ኛው አንቀጽ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ቅጥር፣ ማለት የቤት ሠራተኛን ሥራ፣ ከራሱ ውጭ አድርጎ ነገሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ይተወዋል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቍጥር 377/1996ም ይህንኑ ብሎ ነበር፤ 15 ዓመት አልፎ አዲሱ አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ግን ደንቡ አልወጣም ነበር። የሊባኖስ ሕግ በ1939 ዓ.ም. ያደረገውን የእኛም ሕግ አድርጎታል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ቆሟል።

ባዶ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ2601ኛው ቍጥር ጀምሮ ባሉት ጥቂት አንቀጾች ሠራተኛው በአሠሪው ቤት የሚኖር እንደ ሆነ አሠሪው ስለ መኖሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራውና ስለ ዕረፍቱ ሰዓት ለጤናውና ለግብረ ገቡ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዝዛል። ይህ መልካም ቃል ነው፤ በ60 ዓመት ውስጥ በስንት ቤት እንደ ተነበበ ግን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። በእኛ ቤት አልተነበበም።

እዚህ ላይ ክቡራን ወላጆች እንዳትቀየሙኝ እለምናለሁ። እናቴ ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አንብበውት «እኛ እኮ እንደ ልጃችን ነው የያዝናት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አልመቷትም፣ አልሰደቧትም፣ ስትታመምም ሐኪም ቤት ወስደዋታል። እኔ ግን በአክብሮት እንዲህ ብዬ መለስሁ፤ «ልጅዎ እኔ ነኝ። እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ እሑድ ኳስ እጫወታለሁ፤ ሲደክመኝ እተኛለሁ። እርስዋ እንደ ልጅ ብትሆን ኖሮ 7ኛ ክፍል ትገባ ነበር።» እናቴ ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና «ይታተም» አሉኝ። እኔ በዚህ ቃላቸው እኮራለሁ።

«እንደ ልጅ» የሚለው ቃል ደግነት ነው፤ ደግነት ግን መብት አይደለም። ደግነት በሰጪው ፈቃድ ይመጣል፤ በሰጪው ፈቃድም ይሄዳል። አሠሪዋ ደግ ከሆነች ታርፋለች፤ ክፉ ከሆነች አታርፍም። የሰብኣዊ መብት ሕግ የተጻፈው የድኻ ሰው ኑሮ በሌላው ሰው ጠባይ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው። ደግሞም እኛ ኑሯችን በደመወዝ ነው፤ ሀብታሞች አይደለንም የምትሉ ወላጆች እንደምትኖሩ ዐውቃለሁ፤ ቤተ ሰቤም እንዲሁ ነው። ነገር ግን የእሑድ ዕረፍት ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እኔ ሸሚዜን ራሴ እንዳጥብ ነው።

ሠራተኛ ወደ ውጭ በመላክ የታወቀች አንዲት አገር ይህን ነገር ከእኛ ቀድማ አስተውላዋለች፤ እርስዋም ፊሊፒንስ ናት። ብዙ ሴቶቿ በዐረብ አገሮችና በሌላም ስፍራ በቤት ሠራተኝነት ይኖራሉ። ፊሊፒንስ በ2004 ዓ.ም. 189ኛውን ስምምነት ከዓለም ሁለተኛ ሆና ተቀበለች፤ በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ አገሯ ላሉት የቤት ሠራተኞች ሕግ አወጣች። በዚያ ሕግ መሠረት አሠሪው የጽሑፍ ውል መስጠት፣ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት መፍቀድ፣ ሠራተኛዋም ትምህርቷን እንድትጨርስ ጊዜ መስጠት አለበት። ይህ ሕግ ስለ ወጣ በፊሊፒንስ ሴቶች ላይ በውጭ አገር የሚደርሰው በደል ሁሉ ቆመ ማለት አይደለም፤ አልቆመም። ነገር ግን የፊሊፒንስ መልእክተኛ ከሌላ አገር ሹም ፊት ቀርቦ «ለዜጎቻችን የዕረፍት ቀን ስጡ» ሲል «እናንተስ በቤታችሁ ትሰጣላችሁን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አለው። የእኛ መልእክተኛ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል?

ያቺ ልጅ በጥር ወር ሄደች። አሁን በእኛ ቤት ሌላ ልጅ አለች፤ ከጎጃም የመጣች ናት። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና እርስዋ አንድ ማታ ተቀምጠን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ውል ጻፍን። በውሉም ላይ ደመወዟ በየወሩ በእጇ እንዲሰጥ፤ «ይጠራቀምልሽ» ተብሎ እንዳይያዝባት፤ እሑድ የእርስዋ ቀን እንዲሆን፤ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሥራ እንዳይኖራት፤ መታወቂያዋ በራሷ ሣጥን እንዲቀመጥ፤ የማታ ትምህርትም እንድትገባ አደረግን። ሁላችንም ፈረምን፤ አንዱ ቅጂ የእርስዋ ነው። ሁሉም ነገር ወዲያው ተቃና ብዬ ግን አልዋሽም። በመጀመሪያው እሑድ ሽንኵርቱ ዐረረብኝ፤ አባቴም «የመብት ወጥ ይኸውና» ብለው ሳቁብኝ። በሁለተኛው እሑድ እንግዳ መጣብንና ልጅቱ ሳትጠየቅ ተነሥታ ማድ ቤት ገባች፤ እናቴ ናቸው እጇን ይዘው የመለሷት። የለመዱትን ነገር መተው ለአሠሪም ለሠራተኛም ከባድ ነው። ዛሬ ግን እርስዋ 7ኛ ክፍል ትማራለች፤ የሒሳብ ጥያቄም ታመጣልኛለች።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ! በሚቀጥሉት ዓመታት ከእኛ መካከል ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ፣ ምናልባትም ሕግ አውጪ የሚሆን ይገኛል። የቀረውን ደንብ የሚጽፈው ያን ጊዜ ከእኛ አንዱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልግም። እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ሦስት ነገር ብቻ እንጠይቅ፤ ወረቀት አላት ወይ? የዕረፍት ቀን አላት ወይ? ትምህርቷስ? መምህራኖቻችንም ስለ ሰብኣዊ መብት ሲያስተምሩን ምሳሌውን ከሩቅ አገር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ማድ ቤታችንም ቢያመጡልን መልካም ነው። ትምህርት ቤታችንም የማታው ክፍል በሚመዘገብበት ጊዜ ለወላጆች በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ «በቤታችሁ የምትሠራውን ልጅ አስመዝግቡ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምርበት ወረቀት እንጂ ወጪ አይበዛበትም።

ወደ ሳውዲ የሄደችው ልጅ አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ እመቤቲቱ ስትተኛ ነው የምትደውለው፤ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። ባለፈው ጊዜ «ያ የዕረፍት ቀን እንዴት ሆነ?» አልኋት። «ወረቀቱ ላይ አለ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ስለ እርስዋ መጮኽ ይገባናል፤ መንግሥታችንም ስለ እርስዋ መከራከር ይገባዋል። ነገር ግን «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ሌላውን የሚያቆመው፣ ቃሉን የሚናገረው ሰው ራሱ ሲነገረው የሚቆም ሲሆን ነው። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድመን እኛ በገዛ ቤታችን ደጃፍ ላይ እንቁም።